አርማ እና አርማቸር

ሥራውን ሲጠየቅ በአንድ ቃል የሚመልስ ሰው የታደለ ነው። «ሾፌር ነኝ» ይላል፤ አለቀ። «አስተማሪ ነኝ» ይላል፤ ይታዘንለታል። እኔ ግን በዚያ በደርግ ዘመን፣ ኮልፌ ውስጥ፣ «ለመሆኑ ምን ትሠራለህ?» ያለኝ ሰው ሁሉ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ» እያለኝ ነበር የሚለየኝ። መልሴ «አርማቸር እነድፋለሁ» ነበራ!

እናንተም ትከሻዬን ሳትመቱ ቶሎ ላስረዳችሁ። ዲናሞ ሲያዞሩት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ዕቃ ነው። ሆዱን ብትከፍቱት መሃሉ ላይ የሚሽከረከር፣ ዙሪያውን ጥርስ ያወጣ፣ በየጥርሱ መካከል የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ብረት ታገኛላችሁ። አርማቸር ማለት እሱ ነው። ብረቱም ድፍን አይደለም፤ ስስ ስስ ክብ ላሜራዎች እንደ አነባብሮ ተደራርበው ነው የሚሠራው። ይኸው ነው። ይህን ያህል የሚቀል ነገር ሠፈራችን ውስጥ አንድም ሰው ገብቶት አያውቅም። «መንደፍ» የሚለው ቃል ራሱ ጠላቴ ነበር። ንብ ይነድፋል፤ ጥጥ ይነደፋል። አንዲት ባልቴት ጎረቤቴ ነዳፊነቴን ሰምተው አንድ ከረጢት ጥጥ ተሸክመው መጡልኝ። ልመልሳቸው አፈርኩና ነደፍኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም አልሰጡኝ።

እውነቱን ለመናገር ንደፍ ያለኝ ሰውም አልነበረም። የተቃጠለ ሞተር በሚጠቀልል አንድ ትንሽ የዕደ ጥበብ ማኅበር ውስጥ ነበር የምሠራው። የተቃጠለውን ሽቦ ፈትቼ በአዲስ ሽቦ እንደነበረ አድርጌ እመልሳለሁ። ይህ «እንደነበረ» የሚሉት ቃል ነው ልቤን ያሳመመው። ለምን እንደነበረ? ለምን አንድ ቀን እንዳልነበረ አይሆንም? እያልኩ ሽቦ ስጠመጥም በሐሳብ እሄዳለሁ። ጠዋት የቀራንዮ ጉም ከባሕር ዛፉ ጫፍ ሳይነሣ ፌርማታው ላይ ቆሜ፣ ሰዉ ጃንጥላውን ሲከፍት ዘንጉና ሽቦው አርማቸር ሆኖ ይታየኛል። አውቶብሱ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እኔ እዚያው ነኝ። ሹሩባዋን በደንብ የተሠራች ሴት ካየሁማ ጥምጥሙ ከየት ተነሥቶ የት እንደገባ ለማጥናት ከኋላ ከኋላዋ እከተላለሁ። በዚህ ምክንያት ወንድም ካላት ሴት ሁሉ ቤተሰብ ጋር ተጣልቻለሁ።

ሰው ተኝቶ ያልማል፤ እኔ ነቅቼ ነበር የማልመው። ሕልሜም አንድ ብቻ ነበር፤ በገዛ ንድፌ ትንሽ ዲናሞ ሠርቼ አንዲት አምፖል ማብራት።

ከዚያ ሕልሜ ሁለት ሆነ። ሁለተኛዋ ብርሃኔ ትባላለች።

ብርሃኔ የጋሽ ዳና ልጅ ናት። ጋሽ ዳና በወጣትነታቸው ከወላይታ መጥተው ኮልፌ ላይ ጸጉራቸው የሸበተ ባለወፍጮ ናቸው። ሽበታቸው የዕድሜ ይሁን የዱቄት ግን ለይቶ የሚያውቅ አልነበረም። ወፍጯቸው በናፍጣ ሞተር የሚሠራ፣ መስኮት የሌለው፣ መብራት ያልገባበት ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። በበሩ የምትገባው የፀሐይ ጨረር የዱቄቱን ብናኝ ይዛ አየር ላይ እንደ ነጠላ ትዘረጋለች። ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው። ብርሃኔ እህል ልትመዝን ከጨለማው ወደ ጨረሯ፣ ከጨረሯ ወደ ጨለማው ስትመላለስ፣ ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ሳያት፣ እውነተኛ ሰው ትሁን የሞተሩ ድምፅ አደንዝዞኝ ያለምኳት አላውቅም ነበር። ለእሷ ስል ተመላልሼ ያስፈጨሁትን በሶ ለጎረቤት ሁሉ አድዬም አልጨረስኩት።

ሽማግሌ ላክሁ። ጋሽ ዳና ሽማግሌዎቹን በደንብ አብልተው አጠጥተው ከሸኙ በኋላ በማግስቱ እኔን ወፍጮ ቤት አስጠሩኝ።

«ሥራህ ምንድን ነው አሉኝ?»

«አርማቸር እነድፋለሁ፣ ጋሼ።»

ሞተሩ ይጮሃልና እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «ምን?»

«መብራት! መብራት የሚሰጥ ዕቃ ነው የምሠራው!»

«እህ!» ፊታቸው ፈካ አለ። «እንግዲያው ስማኝ ልጄ። ብርሃኔን ከዚህ ቤት ስትወስድ ቤቴን ልታጨልምብኝ ነው። እኔ ጥሎሽ አልልህም፣ ከብት አልልህም። በእሷ ፈንታ አንዲት አምፖል አብራልኝና ውሰዳት።»

ብርሃኔ ከጆንያዎቹ ኋላ ሆና ሳቀች። እኔ ግን መሳቅም አቃተኝ። ሁለት ሕልሙን አንድ ላይ አስረው የሰጡት ሰው በየትኛው ይስቃል?

ዲናሞ ፍለጋ ወጣሁ። ከአንድ የተጣለ የጭነት መኪና ላይ የዲናሞ ቅርፊት አገኘሁ፤ ሆዱ ግን ተቃጥሎ ከሰል ሆኗል። ስለዚህ ለዚያ ቅርፊት የሚሆን አርማቸር መንደፍ ነበረብኝ። ይኸውላችሁ፣ በስተመጨረሻ ውሸቴ እውነት ሆነ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘሁት ነገር ሁሉ ላይ ክብ መሣል፣ ለክቡ ጥርስ ማውጣት ሆነ ሥራዬ። ከኅብረት ሱቅ የመጣው ስኳር የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ፣ የክብሪት ቀፎ ላይ፣ ሳሙና ካገኘሁ ባኞው ግድግዳ ላይ።

የጠፋሁት ግን በስብሰባ ነው።

በዚያን ጊዜ የቀበሌ ስብሰባ ቀልድ አልነበረም። ስም ይጠራል፤ የቀረ ይጠየቃል። እኔ አልቀርም ነበር፤ ስብሰባን የመሰለ የሐሳብ ቦታ የት ይገኛል? የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ በላቸው ንግግሩ ረጅም፣ ድምፁ ሩቅ እንዳለ ወፍጮ ቱክ ቱክ የሚል ሰው ነው። ያን ቀን እሱ ቱክ ቱክ ሲል እኔ ጥግ ይዤ፣ ጉልበቴ ላይ ካኪ ወረቀት ዘርግቼ፣ አርማቸሬን በትክክለኛ ልኩ እሥላለሁ። ቀስ በቀስ አዳራሹ ጠፋ። ጥርሶቹ መዞር ጀመሩ። በመካከላቸው ብርሃኔ ነጭ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ…

«አንተ ጓድ! እዚያ ጥግ ያለኸው!»

ብንን አልኩ። ሕዝቡ ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ አዙሯል።

«ምንድን ነው የምትሠራው?»

ሰው ሲደነግጥ አፉ ላይ የሚገኘው እውነት ብቻ ነው። «አርማቸር እየነደፍኩ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ድምፅ ማጉያው ሲጥ ብሎ ጮኸና ግማሹን ቃል በላው። «አርማ?» አለ ጓድ በላቸው። «አርማ ለማን?»

«ለወፍጮው…»

«ለሰፊው?»

እንግዲህ በዚያ ዘመን «ሰፊው» ከተባለ ሰፊው ሕዝብ ነው፤ ሌላ ሰፊ ነገር አልነበረም። ጓድ በላቸው ከመድረክ ወርዶ ወረቀቱን ከጉልበቴ ላይ አነሣው። አየው፤ አዙሮ አየው።

«ጓዶች!» አለ ወረቀቱን ወደ ላይ ዘርግቶ። «እኛ ስለ ሻማና ስለ ስኳር ስንጨቃጨቅ፣ ይህ ጓድ ጥግ ይዞ ለቀበሌያችን አርማ እየነደፈ ነበር! ይህ ጥርስ የወዛደሩ ማሽን ነው። ይህ በየመሃሉ የተጠመጠመው የገበሬው ነዶ ነው!»

ጭብጨባው ቆርቆሮውን አናወጠው። እኔም አጨበጨብኩ። ዙሪያው ሲያጨበጭብ እጁን ኪሱ ውስጥ የከተተ ሰው ምን እንደሚሆን የማያውቅ በዚያን ጊዜ አልነበረም። ስብሰባው ሲበተን የአርማ ኮሚቴ አባል ሆኜ ወጣሁ። ኮሚቴው ጓድ በላቸውና እኔ ነን።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ወፍጮ ቤት ደርሶ ኖሮ ብርሃኔ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ለምን አልነገርካቸውም?»

«ነገርኳቸው እኮ!»

«ምን ብለህ?»

«አርማቸር ብዬ።»

«አንተ እኮ የቃልህ መጨረሻ ላይ ስትደርስ ትውጣታለህ!» አለች። «አባዬ አምፖል ነው የጠየቀህ። ባንዲራ ልታመጣለት ነው?»

በማግስቱ ቀበሌ ቢሮ ተቀመጥን። ጓድ በላቸው ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በእርሳስ እየነካካ ይጠይቀኛል።

«ይህ መሃል ላይ ያለው ቀዳዳ?»

«ዘንግ የሚገባበት ነው። ሁሉም የሚዞረው በእሱ ላይ ነው።»

«አመራሩ» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «ይህ ውጪውን የከበበውስ?»

«ቅርፊቱ። እሱ አይንቀሳቀስም፤ አቅፎ ይይዛል እንጂ።»

«ሕዝቡ» አለ። ከዚያ እርሳሱ ቀጥ አለ። «ይህ በመካከላቸው ያለው ነጭ ክፍተትስ?»

«አየር ነው።»

«የምን አየር?»

«መኖር አለበት። ከሌለ ይፋተጋሉ።»

«በአመራሩና በሕዝቡ መካከል?» በሩን ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጓድ፣ ክፍተት የለም። ዝጋው።»

እዚህ ላይ ጤነኛ ሰው ቢሆን ይዘጋው ነበር። አንድ የእርሳስ ጭረት ናት። እኔ ደግሞ ጀግና አይደለሁም፤ የጎረቤት አውራ ዶሮ አባሮኝ አጥር የዘለልኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ያቺ ጸጉር የማታህል ክፍተት እንደ አባት ርስት ሆነችብኝ።

«አይዘጋም» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ከተዘጋ አይዞርም። ይነካካል፣ ይግላል፣ ከዚያ ይቃጠላል።»

«ማን ነው የሚቃጠለው?»

«ሁለቱም።»

ከውጭ የጋሽ ዳና ሞተር ብቻ ይሰማል። ጓድ በላቸው ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። የእኔ ግንባር ግን ደርቆ ነበር፤ ምን እንዳልኩ ገና አልገባኝማ! «ይህን ያልከውን» አለ በመጨረሻ፣ «እኔ አልሰማሁም፤ አንተም አላልክም።» ንድፉን ሲያገላብጥ ቆየና መላ መጣለት። «እንግዲያው የውጪውን ክብ አውጣው። ክፍተቱ አብሮ ይጠፋል።»

ሕዝቡ ይውጣ ማለቱ ነበር። ልነግረው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነከስኩት። የውጪውን ክብ በላጲስ አጠፋሁ። የቀረው ባለ ጥርሱ ክብ፣ ንጹሕ አርማቸር ነበር።

ለአብዮት በዓል አርማው በየቤቱ በር ላይ እንዲመታ ተወሰነ። የቆርቆሮ ሠራተኞች ማኅበር ትእዛዝ ተቀበለ። ላሜራ ስላጠረ በወረቀቱ ልክ ይቆረጥ፣ ከዚያ አይተልቅ ተባለ። ቀይ ቀለም ተቀባ። መሃሉ ለሚስማር ይበሳ ሲባል ግን እኔ እዚያው ነበርኩና ቀዳዳውን በዘንጉ ልክ አስበሳሁት። ለምን እንዳደረግሁት እጄ ያውቃል፣ እኔ አላውቅም። ሚስማሩ እየሾለከ ሲያስቸግር ሰዉ በጠርሙስ ቆርኪ አስደግፎ መታው። ቢሆንም ላላ ያለ ነበር።

በዓሉ ሊደርስ ሲል አንድ ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ ወጣሁ። ከሳንሱሲ በኩል ነፋስ ይመጣል። በየበሩ ላይ ያሉት ቀያይ ክቦች በላላው ሚስማራቸው ላይ ቀስ እያሉ መዞር ጀመሩ። አንዱ፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ፣ ከዚያ መንገዱ በሙሉ፤ ጉሙ ውስጥ ሌላ ነገር አይታይም፣ በሩም ግድግዳውም የለም፣ የሚዞሩ አርማቸሮች ብቻ። ሠፈሩ ሁሉ አንድ ትልቅ ዲናሞ ሆነ፤ አንድ የሆነ ቦታ ላይ አንድ ትልቅ አምፖል ሊበራ ነው ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። የደረሰው ግን የከፍተኛው መኪና ነበር።

ከመኪናው የወረደው ሰው ካኪ ለብሷል። ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ቀበሌዎችን የሚቆጣጠረው እሱ ነው። አንዱን በር አየ፣ ሌላውን በር አየ።

«ይህ ምንድን ነው?»

ጓድ በላቸው እየሮጠ ደረሰ። «የቀበሌያችን አርማ ነው፣ ጓድ!»

«አገሪቱ አንድ አርማ ነው ያላት» አለ ሰውየው በቀስታ። በዚያን ጊዜ የሚያስፈራው በቀስታ የሚናገር ሰው ነው። «ቀበሌ የራሱን አርማ ካወጣ ነገ ደግሞ ምን ሊያወጣ ነው? መንግሥት?»

ጓድ በላቸው ወደ ኋላው ዞረ። ዓይኑ እየተንከራተተ ሄዶ ጉሙ ውስጥ የቆምኩትን እኔን አገኘ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰው ናፍቆኝ አያውቅም፤ ማለቴ እንደዚያ ናፍቆ ያየኝ ሰው የለም።

«ንገራቸው እስቲ» አለኝ። «መጀመሪያ ቀን ምን ነበር ያልከኝ?»

«አርማ…»

«ጨርሳት!»

«…ቸር። አርማቸር። የዲናሞ ሆድ ዕቃ ነው። ለወፍጮ ቤቱ መብራት።»

«ሰሙ ጓድ? አርማቸር ነው! ምላሴ አዳልጦኝ እንጂ አርማ ማን አለ?»

ሰውየው አንዱን ክብ በጣቱ መታው፤ ዞረ። «ታዲያ በየበሩ ምን ሊሠራ ተሰቀለ?»

ጓድ በላቸው የሚዞረውን ክብ በእጁ ያዘ።

«ቀለሙ እንዲደርቅ ነው።»

ሰውየው ሁለታችንንም ለረጅም ጊዜ አየን። ሊስቅ የፈለገ መሰለኝ፤ ካኪው አልፈቀደለትም እንጂ። «መልካም» አለ። «ከበዓሉ በፊት እመለሳለሁ። ሲበራ አያለሁ። ካልበራ ግን ሁለታችሁ አንድ ጨለማ ክፍል ገብታችሁ ስለ ኤሌክትሪክ ትወያያላችሁ።»

መኪናው ከመታጠፉ ሰዉ ሁሉ ከየበሩ እየነቀለ ደጄ ላይ እንደ ክፉ ዕዳ ይወረውርልኝ ጀመር። ደጄ በቀይ ክብ ተሞላ። እኔ ጭንቅላቴን ይዤ ተቀመጥኩና አንዱን ክብ በአንዱ ላይ አስቀመጥኩ። ሌላ ደረብኩ። እንደ አነባብሮ! ጥርሱ ከጥርሱ፣ ቀዳዳው ከቀዳዳው ልክ ገጠመ። ላሜራዎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ መቀባት ነበረባቸው፤ ተቀብተው መጥተዋል። ዘንግ አምጥቼ ሰካሁበት። ቀበሌው በሙሉ ሳያውቅ ለእኔ ሲሠራልኝ ከርሟል።

ሽቦው ከአንድ የተቃጠለ ፓምፕ ተፈታ። ጓድ በላቸው ሥራውን ሁሉ ጥሎ ማኅበራችን ቤት መጥቶ ሽቦውን ያዘልኝ። እኔ ስጠመጥም በሐሳብ እሄዳለሁ፣ እሱ ዙሩን ይቆጥራል። ዕድሜ ልኩን በስብሰባ ሰው ሲቆጥር የኖረ ሰው ዙር አይስትም። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ ድንገት መቁጠሩን አቆመ።

«ያ ክፍተት… እውነት ካልኖረ አይዞርም?»

«አይዞርም።»

«እንግዲያው ሰፋ አድርገው። በጣም ሰፋ አድርገው።»

«ከሰፋም ኃይሉን ያጣል።»

«ታዲያ ልኩ ምንድን ነው?»

«ሳይነካኩ እስከሚቀራረቡ ድረስ ነው።»

ጓድ በላቸው ቆጠራውን ካቆመበት ቀጠለ።

ቀኑ ደረሰ። ዲናሞውን ወፍጮ ቤት አስቀምጬ በቺንጊያ ከሞተሩ ጋር አገናኘሁት። ከጣሪያው ላይ የመኪና አምፖል ተንጠልጥላለች። ካኪ ለባሹ በሩ ላይ ቆሟል። ጋሽ ዳና አዲስ ባርኔጣ አድርገዋል፤ እሱም ወዲያው ነጣ። እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

ሞተሩ ተነሣ። ዲናሞው ዞረ፤ በሚያምር ድምፅ ዞረ። አምፖሏ ግን ጨለማዋን እንደያዘች ቀረች። ጓድ በላቸው ግድግዳውን ተደገፈ። ካኪ ለባሹ ሰዓቱን አየ። እኔ የማውቀውን ሁሉ ነካካሁ፤ ምንም የለም። ዓይኔን ስጨፍን ሁለት ሕልሞቼ እጅ ለእጅ ተያይዘው በበሩ ሲወጡ ታዩኝ።

«ስማ» አለች ብርሃኔ ጠጋ ብላ። «ነጭ ሸሚዝህን ምን አጠቆረው?»

ደረቴን አየሁ። ኪሴ ዙሪያ ጥቁር ነገር ተለቅልቋል። እጄን ስከት ሁለቱ ካርቦኖች እዚያ ናቸው። ኤሌክትሪኩን ከሚዞረው አርማቸር ላይ የሚቀበሉት እነሱ ናቸው፤ ያለ እነሱ ዲናሞ ማለት አፍ የሌለው ዘፋኝ ነው። እንዳይጠፉብኝ ብዬ ኪሴ ከትቻቸው፣ እንዳይጠፉብኝ እየጸለይኩ ነበር የዋልኩት።

ሞተሩን አስቁሜ ካርቦኖቹን በየቦታቸው አስገባሁ። እንደገና ተነሣ። አምፖሏ ውስጥ ያለችው ክር መጀመሪያ ቀላች። ከዚያ ቢጫ ሆነች። ከዚያ ቤቱ በሙሉ በራ።

በአየር ላይ ያለው ዱቄት ሁሉ ብርሃን ሆኖ ነበር፤ ሰዉ ደመና ውስጥ የቆመ ይመስላል። በሕይወቴ ያየሁት ከሁሉ የሚያምር ነገር እሱ ነው። እንዲህ ቆመን መቅረት በቻልን ነበር፣ አንዲት ሴት ቀና ባይሉ ኖሮ።

«በስመ አብ! ያ ምንድን ነው?»

ሁላችንም ቀና አልን። ከጣሪያው የሸረሪት ድር እንደ መጋረጃ ተንዘርፍፏል። አግዳሚው እንጨት ላይ በዱቄት የነጣች አንዲት የወፈረች አይጥ ተቀምጣ እኛን ታያለች።

«እስከ ዛሬ ይህን ነው ለካ ስንበላ የኖርነው!» አሉ ሌላዋ፣ ጆንያቸውን አንሥተው።

«አጥፋው!» አሉ ጋሽ ዳና።

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ጋሼ አብራ ያሉኝ?»

«መብራት አልኩ እንጂ ምርመራ አልኩ?»

ካኪ ለባሹ በኃይል አነጠሰ። «በርቷል» አለና ልብሱን እያራገፈ ወጣ። ጓድ በላቸው ብቻውን እያጨበጨበ ተከተለው። ሴቶቹ ይንጫጫሉ፤ ጋሽ ዳና አምፖሏን ሊነቅሉ በርጩማ ላይ ወጡ። ያን ጊዜ ብርሃኔ መጥታ ፊታቸው ቆመች።

«አይጠፋም፣ አባዬ። ይጠረጋል እንጂ።»

ጋሽ ዳና ሊቆጧት ዞሩ። ብርሃኑ የልጃቸው ፊት ላይ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ ጨለማ ውስጥ በድምፅዋ ብቻ ሲያውቋት የኖሩ ሰው ናቸው።

«አንቺ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እንዲህ ያደግሽው መቼ ነው?»

ከበርጩማው ወረዱ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በጉልበታቸው ላይ አራገፉት። «ጥረጉ እንግዲህ» አሉን ፊታቸውን አዙረው። «ሠርግ የሚደገሰው ቤቱ ከተጠረገ በኋላ ነው።»

ሰዉ ሁሉ ወጣ። እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ ረጅም መጥረጊያ ያዝኩ፤ ብርሃኔ መሰላሉን ከታች ያዘችልኝ። አምፖሏ ከሞተሩ ትንፋሽ ጋር ደመቅ፣ ደብዘዝ፣ ደመቅ ትላለች። ዱቄቱ በብርሃኑ ውስጥ እንደ ላባ ቀስ እያለ ትከሻዋ ላይ ያርፋል።

«ጨረስክ?» አለችኝ ቀና ብላ።

«ገና ነኝ» አልኳት።

ጣሪያው ከጸዳ ግን ቆይቷል።